አሥረኛው ሰውም የሚያስተምረው አለው፦ ለሠፈራችን ምኩራብ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የምኩራባችን ኮሚቴ አባላት፣ ለተከበሩት ራቭ (ረቢያችን)፣ ጸሎቱን ለሚያስተባብረው ለጋባያችንም፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። በዕብራይስጥ ሁለት ጊዜ ጽፌላችሁ በጽሑፍ መልስ አላገኘሁም። በር ላይ ቆማችሁ የሰጣችሁኝን መልስ ወደ ኋላ አነሳዋለሁ። ይኸኛውን ግን ጎረቤቶቻችንም ያነቡታል። ከእናንተ መሃል ሁለቱ አማርኛ ታነባላችሁና ለቀሩት ተርጉሙላቸው። ጉዳዩ ራሱ የትርጉም ጉዳይ ስለሆነ ከወዲሁ መለማመዱ አይከፋም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሻባት፣ በሰንበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሚንሓ (ከከሰዓቱ ጸሎት) እስከ አርቪት (እስከ ማታው ጸሎት) ባለው ጊዜ፣ ትንሿን የትምህርት ክፍል ለአንድ ሰዓት ስጡን። ቄሱ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ካህን፣ የሳምንቱን ፓራሻ፣ ማለትም የሳምንቱን የኦሪት ክፍል፣ በግዕዝ ያነባሉ፣ በአማርኛ ይተረጉማሉ። ልጆቹ በፈለጉት ቋንቋ ይጠይቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። በጀት አልጠየቅንም፤ ክፍሏም በዚያ ሰዓት ባዶ ናት። የተደራረበ የፕላስቲክ ወንበር ነው ያለባት።

ነገሩ ለምን እንደቆረቆረኝ ለማስረዳት ከአባቴ ልጀምር።

አባቴን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ኮታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። በብርዱ ወራት ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰው ሲጠፋ ጋባያችን የሚደውለው ለእሳቸው ነው። «አባ፣ ዘጠኝ ነን» ይላቸዋል። ሌላ ቃል አይጨምርም። አባቴም የዘጠኝን ትርጉም ያውቃሉ። አሥር ወንድ ካልሞላ ካዲሽ የተሰኘው የውዳሴ ጸሎት አይባልም፣ ኦሪቱም ከታቦቱ ወጥቶ አይነበብም። ከዘራቸውን አንስተው በዝናቡ ይወጣሉ። አሥረኛው ሰው ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲያ የሚፈልጋቸው የለም።

ሲዱር፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ይሰጣቸዋል፣ ገጹን ጎረቤታቸው ይገልጥላቸዋል። አባቴ በመርካዝ ክሊታ፣ በአዲስ መጤዎች መቀበያው፣ ሳለን በኡልፓን፣ በዕብራይስጥ ትምህርት ቤት፣ ተምረዋል። የአውቶቡስ ሰሌዳ ያነባሉ፣ የመድኃኒት ስም ያነባሉ። የጸሎቱን ሩጫ ግን አልደረሱበትም። እኔም አንዳንዴ አልደርስበትም፣ እውነቱን ለመናገር። ከንፈራቸው ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። አጠገባቸው የሚቀመጠው ልጄ ነው። አንድ ሻባት ወደ ቤት ስንመለስ «እማ፣ ሳባ (አያቴ) የሚጸልየው ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ምን ይላሉ? አልኩት። «እግዚአብሔር የሚል አለበት። ሌላው አይገባኝም» አለ።

ከ30 ዓመት በላይ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው በግዕዝ ሲጸልዩ ኖረዋል ማለት ነው፤ በሹክሹክታ፣ ማንንም እንዳይረብሹ።

እኛ ወደ እስራኤል የመጣነው በ1991 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ በአገራችን አቆጣጠር ግንቦት 1983። ያ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የተጓጓዘበት ዘመቻ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በመንደራችን የነበረውን ጸሎት ቤት በደንብ አስታውሰዋለሁ። መስጊድ እንለው ነበር፣ «ሰገደ» ከሚለው ቃል። ዛሬ ለልጄ ይህን ቃል ስነግረው ይስቃል፤ ሌላ ነገር ነዋ የሚመስለው። ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። ኦሪቱ እንደዚህ አገር ጥቅልል አልነበረም፤ በብራና የተጻፈ መጽሐፍ ነው፣ ገጽ በገጽ የሚገለጥ። ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩትም አሉበት። ታልሙድ፣ የረቢዎቹ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ አልደረሰንም። ሮሽ ሃሻናን (የአዲስ ዓመቱን በዓል) ብርሃን ሠረቀ፣ ኪፑርን (የስርየቱን ቀን) አስተሰርዮ እንል ነበር። አባቴ በልጅነታቸው ወደ እረኝነት ከመግባታቸው በፊት ከአንድ ቄስ ዘንድ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በእኛ አገር መማር ማለት ያ ነበር፤ ከሰው አፍ ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ በልብ መያዝ።

አሁን ወደ ምኩራባችን ልመለስ። እንዳትሳሳቱ፣ ምኩራባችን ጥሩ ምኩራብ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ዳፍ ዮሚ፣ የዕለቱን የታልሙድ ገጽ፣ የሚማሩት ሰዎች ያስቀኑኛል። በቀን አንድ ገጽ እያሉ 2,711 ገጽ በ7 ዓመት ተኩል መጨረስ ቀልድ አይደለም። በሻቩኦት በዓል ሌሊት እስኪነጋ የሚማረው ወጣት፣ ቅዳሜ ማታ አባትና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ፕሮግራም፣ በኤሉል ወር የሚደረገው የስሊሖት (የይቅርታ) ጸሎት፣ ከጸሎት በኋላ ያለው ኪዱሽ (የወይን ቡራኬና መክሰስ)፣ ሁሉም ደስ ይላል። ሰው ሲያዝን ሰባቱን ቀን ቤቱ የምትሄዱ እናንተ ናችሁ። እናቴ ስታርፍ ምግብ ያቀረበልን ይኸው ማኅበር ነው፤ አልረሳሁትም። ደብዳቤውን የጻፍኩትም ስለማይረሳኝ ነው። የማላስበው ቦታ ቢሆን ዝም ብዬ ሌላ እሄድ ነበር።

ግን የአባትና ልጁን ፕሮግራም እዩት። ጥያቄው የታተመበት ወረቀት ይታደላል፣ አባት ለልጁ ያስረዳል፣ በመጨረሻ ዕጣ ይወጣል፣ ከረሜላ ይበተናል። እኛ ጋ ሲደርስ ይገለበጣል። ልጁ ነው ለአባቱ፣ ወይም ለአያቱ፣ የሚያስረዳው። ዕብራይስጡን የሚያውቀው እሱ ነዋ። አያት አንገቱን ይነቀንቃል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ጨርሶ ወደ ከረሜላው ይሮጣል። አንድ ማታ አባቴ ከዚያ ሲመለሱ «ልጁ ጎበዝ አስተማሪ ሆኗል» አሉኝ። ምስጋና ይመስላል። እሳቸውን የሚያውቅ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባዋል።

ባለፈው የብርድ ወራት ታዲያ ራሳችን ሞከርን። ከሕንፃችን በታች ያለውን ሚክላት ለመንን። ሚክላት ለማታውቁት አንባቢዎች፣ ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት የምድር ቤት ነው፤ በደህናው ጊዜ ደግሞ ለልጆች ክበብ፣ ለስፖርት፣ ላገኙት ነገር ይሆናል። ቄሱ ከሁለት መንገድ ማዶ ስለሚኖሩ በእግራቸው መጡ። የመጀመሪያው ሻባት አራት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ላይ አሥራ አንድ ሆንን። በሦስተኛው ልጆቹ መጡ። እውነቱን ልናገር፣ የመጡት ለዳቦው ነው።

ያ ሦስተኛው ሻባት ፓራሻው ቫያኽል ነበር፣ ዘጸአት ምዕራፍ 35። በሰንበት ቀን በቤታችሁ እሳት አታንድዱ የሚለው እዚያ ነው። ቄሱ በግዕዝ አነበቡ፣ ቆም አሉ፣ በአማርኛ ተረጎሙ። ከዚያ አንዷ እናት ከፕላታ (ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው) ላይ ሻይ ቀድታ አቀረበችላቸው። በእጃቸው መለሱት። «ሰንበት ላይ የሞቀ አልነካም» አሉ።

ልጄ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። «ግን እኮ ፕላታው ከሻባት በፊት ነው የተሰካው! አሁን ማንም እሳት አላነደደም» አለ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ልጅ ቄስ ላይ እንዲህ አይናገርም። ቄሱ ግን ፈገግ አሉ። «ማን አስተማረህ?» አሉት። ሐካሚም (ሊቃውንቱ) እንዲህ ብለዋል አላቸው። «እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ነበር» ብለው ጀመሩ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። መብራት የለም፤ ማታውን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ነበር የምናሳልፈው። «በቤታችሁ» ሲል ቤቱ ውስጥ እሳት እንዳይኖር ነው ብለን ነው የያዝነው። ልጄ መልስ ነበረው። ቄሱም መልስ ነበራቸው። ሌሎቹ ልጆች ዳቦውን ረስተው ተጠጉ። አንዱ በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ ሌላው ለቄሱ ይተረጉማል፣ አባቴ ደግሞ ከጎን ሆነው ለልጆቹ የግዕዙን ቃል ያብራራሉ። አባቴ! ያ በምኩራቡ ድምፁ የማይሰማው ሰው።

በዚህ መሃል መብራቱ ጠፋ።

የሚክላቱ ሻኦን ሻባት፣ በሰንበት መብራቱን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋው ሰዓት፣ የተሞላው ለሌላ ፕሮግራም ነበርና ሰዓቱ ሲደርስ ድርግም አደረገው። መስኮት የለም፣ ምድር ቤት ነው። ማንም ተነስቶ ማብራት አይችልም፤ ሻባት ነው። አንድ ሕፃን ማልቀስ ሲጀምር የቄሱ ሳቅ ተሰማ። «ይኸው፣ አሁን እንደ አገራችን ሰንበት ሆነ» አሉ። ከዚያ ዳዊት ጀመሩ፣ በቃላቸው። «ብፁዕ ብእሲ» ብለው ሲነሱ የአባቴ ድምፅ ተከተለ፤ ከዚያ የሌሎቹ ሽማግሌዎች። ጨለማው ውስጥ ማን የት እንደተቀመጠ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ቄሱ አንድ ሐረግ በግዕዝ ይላሉ፣ ቆም ብለው በአማርኛ ይተረጉማሉ። ልጄ እጄን ይዞ «ከየት ነው የሚያነቡት?» አለኝ በጆሮዬ። ከየትም አልኩት።

በሳምንቱ የሚክላቱ ቁልፍ ለሌላ ክበብ ተሰጠ ተባልን። በዚያው ቀረ።

ወደ እናንተ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። የተሰጠኝ መልስ፣ በር ላይ፣ እንዲህ የሚል ነበር፦ ትምህርቱ ሁሉ በዕብራይስጥ ነው፣ ሌላ ቋንቋ ካስገባን ሰዉ ይከፋፈላል፣ ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ቤት ክኔሴት ክፈቱ።

የመጨረሻዋን ነገር እንዳልሰማሁ ልለፋት። በሌሎቹ ላይ ግን ጥቂት ልበል።

ቤት ክኔሴት ማለት የመሰብሰቢያ ቤት ማለት ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ራቭ ያውቁታል። ከአውሮፓ የመጡት ደግሞ ሹል ይሉታል፣ ትምህርት ቤት እንደማለት። በ1913 ኢየሩሳሌም ውስጥ የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ቴዎዶቶስ የሚባል ካህንና የምኩራብ አለቃ ያስቀረጸው ነው፤ ቤተ መቅደሱ ገና ሳይፈርስ እንደተጻፈ ይታመናል። ይህን ምኩራብ የሠራሁት ኦሪት እንዲነበብበትና ትእዛዛቱ እንዲማሩበት ነው ይላል። ጸሎት የሚል ቃል የለበትም። ቀጥሎ የሚያነሳው ከውጭ አገር ለሚመጡ ችግረኞች የተዘጋጀውን የእንግዳ ማረፊያና ውኃውን ነው። ጽሑፉ ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ በግሪክኛ ነው። በኢየሩሳሌም መሃል፣ በዚያ ዘመን፣ ከውጭ የመጣ አይሁዳዊ በሚገባው ቋንቋ ሲጻፍለት ማንም ተከፋፈልን አላለም።

ሌላም አለ። በየዓመቱ ከኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን፣ የቤተ እስራኤልን በዓል፣ እናከብራለን። ክኔሴት፣ የአገሩ ምክር ቤት፣ በ2008 በሕግ ካጸደቀው ወዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ይሠራል፣ እስክስታ ይወረዳል፣ እንጀራ ይቀመሳል፣ ፎቶ እንነሳለን። ጥሩ ነው፤ እኔም በልቻለሁ። የስግድ ልቡ ግን ንባቡ ነው። ቄሶቹ ከሚያነቡት አንዱ ነህምያ ምዕራፍ 8 ነው። ዕዝራ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ወንዱም ሴቱም ባለበት (ሴቷንም አንብቡልኝ)፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ኦሪቱን ያነባል፤ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲገባው ትርጉሙን ያስረዳሉ። ሕዝቡ ያለቀሰው ሲገባው ነው። ቄሶቻችን በአገራችን ሳለን ተራራ ላይ ወጥተው በግዕዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ ይተረጉሙ የነበረው ያንኑ ሥርዓት ይዘው ነው። የሳምንቱን ፓራሻ ሁለት ጊዜ ንባቡን፣ አንድ ጊዜ ትርጉሙን እንድናነብ የሚያዝዘው የእናንተው ደንብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዛሬ አራማይስጥ በቤቱ የሚናገር ሰው በሠፈራችን የለም፤ ሆኖም የአራማይስጡ ትርጉም በሑማሻችን (በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት እትም) ጎን ታትሞ ይኸው አለ። ማንንም አልከፋፈለም።

ምናልባት ፍርሃታችሁ ሌላ ይሆናል። ቄሱ ከራባኑት (ከዋና ረቢዎቹ ተቋም) ትምህርት የሚለይ ነገር ይናገሩ ይሆን? አዎ፣ ይናገራሉ። የሻዩን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ግን ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ፕላታውን አልነቀለም፤ ሻዩንም ይጠጣል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ አያቱን መጠየቅ ጀምሯል። የያኔው ዋና ረቢ ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ ከ1973 ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በ1985 ሽማግሌዎቻችን አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ በሥርዓቱ ውኃ ውስጥ ጥለቁ መባሉን ተቃውመው በኢየሩሳሌም የዋና ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ያንን ክርክር ልከፍትላችሁ አልመጣሁም። እንዲያውም ራቭ ራሳቸው መጥተው ከቄሱ ጎን ቢቀመጡ ደስታዬ ነው። ሲከራከሩ ብንሰማ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?

የእኛንም ጥፋት አልደብቅም። ሽማግሌዎቻችን ሰዓት አያከብሩም። ቄሱ አንድ ሰዓት ከተባሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያደርጉታል። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ፣ አሁን አርባ የሞላን፣ ለብዙ ዓመት በወላጆቻችን ቋንቋ አፍረናል። እኔ ራሴ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለሁ አባቴ አውቶቡስ ላይ በአማርኛ ሲጠሩኝ እንዳልሰማ ሆኜ በመስኮት አይ ነበር። ይህን ያስተማረኝ የእናንተ ኮሚቴ አይደለም። ስለዚህ ሁሉን ጥፋት በእናንተ ላይ አልከምርም።

ሆኖም ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ባር ሚጽቫው፣ በ13 ዓመቱ ለትእዛዛቱ የሚደርስበት ሥርዓት፣ ነው። ፓራሻውን በዜማ የሚያስጠናው አስተማሪ አግኝተናል፤ በድምፅ ቀድቶ በስልክ ይልክለታል። አያቱ ደግሞ ያንኑ ፓራሻ በግዕዝ ሊያስጠኑት ፈልገዋል፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች። ከቄሱ ጋር ሆነው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር። ቤታችን ውስጥ ማድረግ አንችልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንችላለን። ግን ቤት ውስጥ የተማረው የቤት ነገር ሆኖ ይቀራል። ልጁ ሳባው የሚያውቁት ነገር ምኩራብ ውስጥ ቦታ እንዳለው በዓይኑ እንዲያይ እፈልጋለሁ፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ባለበት።

እንግዲህ ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። ራቭ በትልቁ አዳራሽ የሚሰጡትን ትምህርት አንነካም። ለሰዑዳ ሽሊሺት (ለሻባት ሦስተኛው ማዕድ) የሚሆነውን ዳቦ እኛው ዓርብ ጋግረን እናመጣለን፤ ለሁላችሁም ይበቃል። ማይክ በሻባት ስለማይሆን የቄሱ ድምፅ የሚሰማው ትንሿ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው እሷን የጠየቅነው። ወንበሮቹን አባቴና ልጄ ዓርብ ጠዋት ያወርዷቸዋል። ሦስት ወር ሞክሩን። ካልሆነ ቁልፉን መልሰን እናስረክባለን፣ አንጣላም።

ቁልፉን ለእኔ መስጠት አያስፈልግም። ሐሙስ ጠዋት ዘጠኝ ስትሆኑ ጋባያችን ለአባቴ መደወሉ አይቀርም። ሲመጡ ያኔ በእጃቸው ይስጧቸው። የክፍሏን ሻኦን ሻባት ደግሞ እንዳለ ተዉት፤ ቄሱ መብራቱ ይጥፋ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛው ረድፍ ሽማግሌ ልጅ